የምር እና ቀብድ፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው «ቃል ስለ መግባትና ቃል ስለ መጠበቅ ጥቂት ነገር በልልን» ብሎ ሲጠይቀኝ ትንሽ አመነታሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔን መምከር የሚገባቸው ታላላቆቼ ሞልተዋል። ስለዚህ ምክሩን ለእነሱ ትቼ በማውቀው በር ለመግባት ወሰንኩ። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። የሀገሬ ልጆች እዚህ አሜሪካ ቤት ሲገዙ፣ ውል ሲዋዋሉ፣ ፊርማ ሲያኖሩ መሃል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አቀብላለሁ። ዛሬም አንድ ቃል ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ቃሉ «ኧርነስት» ይባላል። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ቤት የገዛችሁ ደግሞ ከፍላችሁበታል። ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱም የእኛን ማኅበር ይመለከታሉ።

በመጀመሪያ የልቡን ትርጉም እንየው

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኧርነስት» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው የሰውን ጠባይ ነው። ከልቡ የሆነ፣ የያዘውን ነገር በቀልድ የማያይ፣ የምሩን የተነሣ ሰው ማለቱ ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ የነበረ የቆየ ቃል ነው። ያኔ ትጋትንና የምር መሆንን ብቻ ሳይሆን የምር ፍልሚያንም ይገልጽ ነበር። ጀርመን ያላችሁ ወገኖቻችን የቃሉን ዘመድ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ጀርመኖች የሰሙትን ማመን ሲያቅታቸው «ኢም ኤርንስት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «የምር?» ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ካፊያው አልፎ ዶፉ ሲወርድ ዝናቡ «ኢን ኧርነስት» ጀመረ ይላሉ፤ እኛ «አሁን የምሩን ያዘው» እንደምንለው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ ሌሎች ሁለት የታወቁ ቃላት አሉት። አንዱ «ሲንሲር» ነው፤ ልቡና አፉ አንድ የሆነ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው «ሲሪየስ» ነው፤ ልጆቻችን በአማርኛም ውስጥ አስገብተውታል፤ ነገሩን አክብዶ የያዘ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ እንጂ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

አንድ ሰው ከልቡ ሊናገርና ነገሩን ግን አክብዶ ላይዝ ይችላል። በዓመት በዓላችን ላይ የትውልድ ቦታችን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲታይ፣ የድሮው ዘፈን ሲከፈት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጁን አንሥቶ «እኔ ይህን ያህል!» የሚል ወንድማችን አይዋሽም። በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፤ ቃሉ በአዳራሹ ይቀራል። ይህ ሰው ሲንሲር ነበር፤ ሲሪየስ አልነበረም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ስብሰባ የማይቀር፣ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ፣ ስለ እያንዳንዷ ሳንቲም የሚከራከር፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ይኖራል። የሚፈልገው ሊቀ መንበርነቱን ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአንዱን ቡድን ሌላውን ማሸነፍ። እሱ ሲሪየስ ነው፤ ሲንሲር ግን አይደለም።

ኧርነስት የሚባለው ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ነው። ልቡም አለ፤ ልቡ የሚለውን የሚፈጽም ትጋትም አለ። እንግሊዞች ለዚህ ጠባይ በተለይ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ትልቅ ክብር ይሰጡት ነበር። ከብዛቱ የተነሣም መቀለጃ ሆነ። ኦስካር ዋይልድ «ኧርነስት መሆን ያለው ጥቅም» ልንለው የምንችለውን ቲያትሩን ለንደን ውስጥ በ1895 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ሲያበቃ የቀለደው በዚሁ ነው። «ኧርነስት» የወንድ ስምም ነው፤ ሲጠራ ከቃሉ ጋር አንድ ነው። በቲያትሩ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች የምናገባው ሰው ስሙ ኧርነስት ካልሆነ አይሆንም ይላሉ፤ ሁለት ወንዶችም ስማችን ኧርነስት ነው እያሉ ያታልሏቸዋል። ሁሉም ስሙን ይፈልጋል፤ ጠባዩን የሚጠይቅ ግን የለም። የለጋሾች ስም ዝርዝር ላይ ስማችን መኖሩን እየፈለግን የምንገልጥ ሁሉ ይህችን ቀልድ ብናስታውሳት አይከፋም።

ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድን ሰው ኧርነስት ነው ሲሉት አንዳንዴ ፈገግ እያሉ ነው፤ ምነው እንዲህ ከረረ እንደ ማለት። የእኛ ወጣቶች «አታካብድ!» ይሉ የለ? በየማኅበሩ ደረሰኝ የጠየቀ፣ ቃለ ጉባኤ ይነበብልን ያለ፣ «ባለፈው ዓመት የወሰንነው የት ደረሰ?» ብሎ የተነሣ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ግን አንድ ማኅበር ቆሞ የሚሄደው በሚያካብዱት ሰዎች ይመስለኛል።

በአማርኛችን ይህን ጠባይ የምንገልጽበት ቃል አላጣንም። የምር እንላለን፣ ከልብ እንላለን፣ ቁም ነገረኛ እንላለን። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአካል ክፍል እየጠራን የምንለየው ነው። እውነተኛው ነገር «ከአንጀት» ነው፤ የማስመሰሉ ደግሞ «ከአንገት በላይ»። አባቶቻችንም «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብለዋል። ይህን ተረት ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ማበረታቻ ይጠቅሰዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን መመዘኛም አለበት። ልብ በዓይን አይታይም፤ እንባ ግን ይታያል። አለቀስኩ ያለ ሰው ጉንጩ ደረቅ ከሆነ እንዴት ይታመናል? ታዲያ የልብን እውነት በውጭ የሚያሳየው ምልክት ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ወደ ቃሉ ሁለተኛ ትርጉም ይወስደናል።

ሁለተኛው፣ የእጁ ትርጉም

እዚህ አሜሪካ ቤት ለመግዛት ዋጋ ያቀረበ ሰው ሻጩ ሲስማማ ወዲያው «ኧርነስት መኒ» የሚባል ገንዘብ ያስይዛል። መጠኑ እንደ አካባቢው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ቤቱ 400,000 ዶላር ነው ብንል ከ4,000 እስከ 12,000 ዶላር መሆኑ ነው። ገንዘቡን በተለመደው አሠራር ሻጩ ኪሱ አይከተውም። ውሉን የሚያስፈጽመው ድርጅት ወይም ደላላው ለዚሁ በተለየ የአደራ ሒሳብ ይይዘዋል። ግዢው ሲጠናቀቅ ከሚከፈለው ላይ ይታሰባል። ገዢው በውሉ በተፈቀደለት ምክንያት ከወጣ፣ ለምሳሌ በምርመራ ቤቱ ላይ ችግር ተገኝቶ ወይም ባንኩ ብድሩን ከልክሎት ከሆነ፣ ይመለስለታል። ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ግን ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

አንድ ጊዜ ከልጃቸው ጋር ቤት ለመግዛት የመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው የውሉን ወረቀት በስልኳ አስተርጉማ አንብባላቸው ኖሮ፣ ስልኩ «ኧርነስት መኒ» የሚለውን «ልባዊ ገንዘብ» ብሎ ሰጥቷቸዋል። እናትየው ዞር ብለው፦

«ልጄ፣ ገንዘብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ልብ ያወጣው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቀብድ ማለት ነው» አልኳቸው።

«እንዲህ አትለኝም! ቀብድማ አውቃለሁ። አናጢውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ድንኳን አከራዩም ሳይቀበል መች እጁን ያነሣል» አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፦ «ይሁን፤ እኔስ ቀብድ ሰጠሁ። ተቀባዩ ሰውዬስ ለእኔ ምን አስያዘ?»

ይህችን የመጨረሻ ጥያቄያቸውን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ስልኩ እንዲያ የተሳሳተው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት የተለያዩ ቃላትን አንድ አስመስሏቸዋል። የልቡ «ኧርነስት» የእንግሊዝና የጀርመን ዘር ነው፤ የቀብዱ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል ገባ፤ ፈረንሳይኛው ከላቲን ወሰደው፤ ላቲን ከግሪክ፤ ግሪኩ ደግሞ «አራቦን» የሚለውን ቃል ከሴም ቋንቋዎች ወሰደ። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲደርስ ከልቡ ቃል ጋር በድምፅ ስለ ተቀራረበ ሕዝቡ አንድ አድርጎ ይጠራው ጀመር።

«አራቦን» ስል ጆሯችሁ ቆሟል። አዎ፣ የእኛው ነው። ግዕዙ «ዐረቦን» ይለዋል፤ መያዣ፣ ቀብድ ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስና ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ መንፈስ ቅዱስን በልባችን የተቀመጠ ዐረቦን ይለዋል፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መያዣ» ሲለው፣ በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ያንኑ «ኧርነስት» ብሎታል። በኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ ይሁዳ ለትዕማር ማኅተሙን፣ ከነማሰሪያውና በትሩን የሰጣት በዚሁ ቃል ነው። ዛሬም አገር ቤት መኪናውን መድን ያስገባ ሰው በየዓመቱ የሚከፍለው «አረቦን» ይባላል።

አሁን በየሀገሩ የተበተንነውን ወገኖች ይህ ቃል እንዴት እንደሚያገናኘን ተመልከቱ። በዓረብ አገሮች ያላችሁ እህቶቻችን ቤት ስትከራዩ ወይም ወርቅ ስታዝዙ «ዐርቡን» ክፈሉ ትባላላችሁ። የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም ሻጭ ይህን ገንዘብ ማስቀረት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም በሚለው ከጥንት ጀምሮ ተከራክረውበታል። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን «ኤራቮን» ሲባል ትሰማላችሁ። ፈረንሳይ ያላችሁ «አር» የሚለውን ታውቁታላችሁ። የዛሬዎቹ ግሪኮች ደግሞ ቃሉን ለቀለበት ሥነ ሥርዓት ያውሉታል፤ ከጋብቻ በፊት የሚደረገው መተጫጨት በእነሱ ዘንድ «አራቮናስ» ነው። ከንግድ ተነሥቶ ትዳር ድረስ ገብቷል ማለት ነው። በሁሉም ቦታ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሙሉው ገና ነው፤ መምጣቱን ግን ይኸው በዚህ እወቅ።

ሕጋችን ምን ይላል?

እማማ ወደ ጠየቁት ጥያቄ ልመለስ። ቀብድ ተቀባዩስ ምን አስያዘ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ያሉትን አንብቡ። በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ላይ ይታሰባል። ውሉ ሳይፈጸም ቢቀርስ? ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ልተው ካለ የሰጠው ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ልተው ካለ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በፈረንሳይም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ደንብ አለ። እኔን የሚያስደንቀኝ የዚህ ደንብ ሚዛን ነው። እኛ ቀብድ ስንል ሁልጊዜ የምናስበው የሰጪውን ግዴታ ነው። ሕጉ ግን እጁን የዘረጋውንም እኩል አስሯል። ቀብድ ስትቀበል ገንዘብ ብቻ አይደለም የተቀበልከው፤ ግዴታም ተቀብለሃል። እማማ ከሕግ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ወደ ራሳችን ቤት እንግባ

እንግዲህ ይህን ሁለት ገጽ ያለው ቃል ይዘን ማኅበራችንን እንመልከት።

በመጀመሪያ በሰጪው ወገን ያለነውን። እኛ ቃል መግባት እንወዳለን። ጭብጨባውም ደስ ይላል። ገንዘብ ያዣችን ግን ከበዓሉ በኋላ ምን እንደሚያጋጥማት ጠይቋት። ስልክ ትደውላለች፤ አይነሣም። መልእክት ትልካለች፤ ይነበባል፣ መልስ የለውም። ሁለተኛ ስትደውል «ይቺ ሴትዮ ደግሞ አበዛችው» ትባላለች። አስቡት፣ ቃሉን የሰጠው ሌላ፣ ኀፍረቱን የምትሸከመው እሷ። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። በወረቀት ላይ የተመዘገበ ያልተከፈለ ቃል የሰማይ ላም ነው፤ በእሷ ወተት ላይ ተማምኖ እቅድ የሚያወጣ ኮሚቴ ደግሞ ባዶ ቅል ይዞ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቀብድ በመጠኑ አይመዘንም። ቀብድ ቀብድ የሚሆነው ለሰጪው ስለሚሰማው ነው። ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ባለፈው ዓመት በስልክ ስብሰባችን ላይ ሁሉም ቃል ሲገባ ዝም ብላ ቆየችና ተራዋ ሲደርስ «እኔ ቃል አልገባም፤ የላክሁትን ቁጠሩልኝ» አለች። የላከችው ከሁላችንም ያነሰ ነበር። ግን በዚያን ቀን ከተናገርነው ሁሉ ኧርነስት ሊባል የሚገባው የእሷ ንግግር ነበር፤ በልቡም በእጁም ትርጉም።

ገንዘብ የሌለውም ቀብድ አለው። ነርሷ እረፍቷን ሰጥታ አገር ቤት ስትሄድ ጤና ጣቢያውን ታያለች። መሐንዲሱ ንድፉን ያለ ክፍያ ይመረምራል። የሒሳብ ባለሙያው ዓመታዊ ሒሳባችንን ይመለከታል። ተማሪው ልጃችን ይህችን መጽሔት በኮምፒውተር ያቀናብራል። ጊዜም ሲሰጥ ይቆርጣል፤ የሚቆርጥ ነገር ደግሞ ሁሉ ቀብድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በተቀባዩ ወገን ያሉትን። ኮሚቴዎቻችን በነጻ፣ ከእንቅልፋቸው ቀንሰው እንደሚሠሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ከአባላት ብዙ ጊዜ የምሰማው ቅሬታ አለ። «ሰጠሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ የነገረኝ የለም።» ይህ ቅሬታ የሚነሣው ሰው ገንዘቡ ተሰረቀ ብሎ ስለ ጠረጠረ ብቻ አይደለም። ቀብድ የሰጠ ሰው ከተቀባዩ ጋር ውል ውስጥ ገብቷል፤ ዝምታው ውሉ የፈረሰ ያስመስለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስልክ የማያነሣውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው። ሰጪው ቃሉን ያጠፈው፣ ተቀባዩ ዝም ስላለ፤ ተቀባዩ ዝም ያለው ደግሞ ቃል የተገባው ስላልመጣና የሚያሳየው ሥራ ስለ ሌለው። ሁለቱ እየተካሰሱ ዓመት ያልፋል።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ ለዚህ ሁሉ ንግግሬ ምክንያት የሆነኝም እሱ ነው። የትውልድ ቦታችን ሕዝብ።

ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍሎች እንደምንሠራ ወሬው አገር ቤት የደረሰው ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ነበር። ወላጆች ምን አደረጉ? ድንጋይ አጓዙ። አሸዋ በአህያ ጫኑ። መሠረቱን በደቦ ቆፈሩ። የእርሻ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ቀን ሰጥተው ወጡ። ድንጋዩ ተከምሮ አሁንም እዚያው አለ፤ ፎቶውን አይታችኋል። ልጆቹ ዛሬም በፈረቃ ነው የሚማሩት።

አሁን የሕጉን ቋንቋ ይዘን እንጠይቅ። ያ የድንጋይ ክምር ምንድን ነው? ቀብድ ነው። የአገር ቤቱ ወገናችን ከእኛ ጋር ለገባው ውል የከፈለው ቀብድ። ማን ተቀበለው? እኛ። ቃላችንን ሰጥተን ጉልበታቸውን ተቀበልን። እስካሁን ራሳችንን የምናየው እንደ ሰጪ፣ እነሱን እንደ ተቀባይ ነበር። ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ቀድመው የሰጡት እነሱ ናቸው፤ ተቀብለን የቆየነው እኛ ነን። ተቀባይ ውሉን ቢተው እጥፍ ይመልሳል የሚለው ደንብ በፍርድ ቤት ባይጠየቅብንም በኅሊና ይጠይቀናል። ደግሞስ ያንን ድንጋይ የተሸከመ አባት የባከነ ቀኑን በእጥፍ የሚመልስለት ማን ነው? ያለን መንገድ አንድ ነው፤ ውሉን መፈጸም።

ምን እናድርግ?

ንግግር ብቻ አድርጌ ብወርድ የተናገርኩትን ራሴው ማፍረሴ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ፤ ተወያዩባቸው።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቃል የሚገባ ሰው በዚያው ቀን ከቃሉ ቢያንስ 10 በመቶውን ያስይዝ። 1,000 ዶላር ያለ ሰው 100 ዶላር ከፍሎ ይውጣ። 100 ዶላር ለዛሬ ከከበደው ምናልባት 1,000ው ለእሱ ብዙ ነበር፤ ቃሉን በአቅሙ ያድርገው፤ ማንም አያፍርበትም። በስብሰባችን ላይም የሚነበበውና የሚጨበጨብለት ቃል የተገባው ሳይሆን የተያዘው ይሁን።

ሁለተኛ፣ ይህ ገንዘብ ከማኅበሩ የዕለት ወጪ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። የቤት ቀብድ በሻጩ ኪስ እንደማይገባ ሁሉ የሥራው ገንዘብም ለአዳራሽ ኪራይና ለምግብ አይነካ። ለማውጣትም ሦስት ሰዎች በጋራ ይፈርሙ፤ ከሦስቱ አንዱ ከኮሚቴው ውጭ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው በየ3 ወሩ ለእያንዳንዱ ሰጪ አንድ ገጽ ሪፖርት ይላክ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ሥራው የት ደረሰ፣ ከፎቶ ጋር። ሥራ ካልተሠራም «አልተሠራም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ይባል። በተባለው ጊዜ ሥራው ካልተጀመረ ደግሞ ኮሚቴው እጥፍ ይመልስ። ማኅበራችን ሌላ ገንዘብ የለውም፤ እጥፉን በገንዘብ ማለቴ አይደለም። አንዱ እጥፍ ገንዘቡ ነው፤ ሰጪው ይመለስልኝ ካለ ይመለስለት፣ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወር ካለም በጽሑፍ ይስማማ። ሁለተኛው እጥፍ ምክንያቱ ነው፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ መናገር።

አራተኛ፣ ባንክ የገባ ገንዘብ ሳይኖረን ወደ አገር ቤት ወሬ አንላክ። እዚያ ያለው ሕዝብ የእኛን ቃል የምር አድርጎ ይሰማል። እኛ በበዓል ሞቅታ የጣልነው ቃል እዚያ ሲደርስ ሰው በጀርባው የሚሸከመው ድንጋይ ይሆናል።

ወገኖቼ፣ እንግሊዝኛ በአጋጣሚ ሁለት ቃላትን አንድ አድርጎ ልብንና ቀብድን በአንድ ስም ጠራ። አማርኛ «የምር» እና «ቀብድ» ብሎ ለያቸው፤ መለያየታቸውም ያስተምረናል። የምር የሆነ ልብ ቀብድ ካልከፈለ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ልብ የሌለበት ቀብድም ቀሪው ሳይከፈል ከርሞ የሰው ድንጋይ ሜዳ ላይ ያስቀራል። ልጆቻችን አማርኛቸው ሲሰባበር እኛ እናርማቸዋለን፤ ይህን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ግን እነሱ ሊያስተምሩን ይችላሉ፣ ሁለቱንም ትርጉም አብረን ከኖርነው።

ገንዘብ ያዣችን በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ደረሰኟን ይዛ ተቀምጣለች። ሩቅ ያላችሁም የሒሳብ ቁጥሩን ከዚህች መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ያ የተከመረ ድንጋይ የሚቀጥለው ክረምት ሳያልፍ ግድግዳ ሆኖ እንድናየው ፈጣሪ ይርዳን።